የገንዘብ ስፓኒሽ ከራስ ደብተር፦ ከደሞዝ እስከ ዱቤ

ስፓኒሽ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ድመቷን፣ ፖሙንና ቀዩን ኳስ ነው። አልጠላሁትም። ግን ባሕር ዳር ጀልባ መነሻው ላይ እንግዳ የሚጠብቅ አስጎብኚ ከድመት ጋር ምን ጉዳይ አለው? እህቱ ማድሪድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅም በስልክ የሚሰማው ሌላ ነው። ደሞዝ ገባ፣ ኪራይ ተከፈለ፣ የተላከው ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ ምንዛሬው ዛሬ ስንት ሆነ። ሁሉም ገንዘብ ነው። በገንዘብ ጉዳይ ደግሞ "በግምት ገባኝ" አይሠራም። ስልሳውን ሰባ ብሎ የሰማ ሰው አሥሩን ከኪሱ ያወጣታል።

ይህ መመሪያ ሁለት ነገር ነው የሚላችሁ። አንደኛ፣ የቃላት ዝርዝር አትሸምድዱ፤ የራሳችሁን የገቢና ወጪ ደብተር በስፓኒሽ ያዙ። የገዛ ብራችሁ የወጣበት ቃል በቀላሉ አይረሳም፣ በተለይ ካናደዳችሁ። ሁለተኛ፣ ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ በቀጥታ ሂዱ፤ በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ። ለምን እንደምል እያነበባችሁ ታዩታላችሁ።

በነገራችን ላይ ጎጃምና ስፔን የቆየ ትውውቅ አላቸው። ፔድሮ ፓኤስ የሚባለው ስፔናዊ ሚስዮናዊ ሰከላ ወጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው እንደ ፈረንጆቹ በ1618 ነው። ዛሬ የሚመጣው ስፔናዊ ግን ምንጩን ከማየቱ በፊት "ኩዋንቶ ኩዌስታ?" ይላል። ስንት ነው ማለቱ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ድምፅ የሚያሰማ መዝገበ ቃላት ያለው ስልክ ነው። ኔት ቢጠፋም ደብተሩ አይጠፋም።

1. መጀመሪያ አፍ ማስተካከል

ስፓኒሽ እንደተጻፈ ይነበባል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለጎጃሜ ደግሞ ምርቃት አለው። ስፓኒሾች ኾታ የሚሏት፣ እንግሊዝኛው ጄ የሚላት ፊደል ድምፅዋ የእኛው ኸ ናት። "ኸየት መጣህ" ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው "ካኻ"፣ "ካኼሮ"፣ "ታርኼታ" ለማለት ጉሮሮውን ማሠልጠን አይጠበቅበትም። ካኻ ሒሳብ የሚከፈልበት ቦታ ነው። ካኼሮ ካሸሩም ነው፣ ግድግዳ ላይ ያለው የኤቲኤም ማሽንም ነው። ታርኼታ ደግሞ የባንክ ካርድ።

ኝም አለች። "አኞ" ዓመት ነው፤ "አል አኞ" ካላችሁ በዓመት። ሁለት ኤል አንድ ላይ ስታዩ የ በሉ፦ "ቢዬቴ" የብር ኖት ነው። ኤች ጭራሽ አትነበብም፤ መቆጠብ "አኦራር" ነው የሚባለው። ቪን ብ በሉት፤ መሸጥ "ቤንዴር" ነው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አናባቢውን አታሳጥሩ። "ዲኔሮ" ነው ገንዘብ፣ "ዲነሮ" አይደለም። ሌላው ጫናው ነው። "ፓጎ" ስትሉ መጀመሪያው ላይ ጫን ካላችሁ "እከፍላለሁ" ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ ጫን ካላችሁ ግን "ከፈለ"። አስቡት፤ እኔ እከፍላለሁ ልትሉ ፈልጋችሁ እሱ ከፍሏል ብላችሁ ካፌውን ለቃችሁ ስትወጡ።

እዚህ በእኛ ፊደል የምጽፈው ድምፁን እንድትይዙት ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በላቲኑ ጻፉት፤ ደረሰኝና ማስታወቂያ የምታነቡት በዚያ ነውና።

2. ቤት ያለውን ሰብስቡ

አዲስ ቃል ከመፈለጋችሁ በፊት ያላችሁን ቁጠሩ። ጣልያንኛ ከስፓኒሽ ጋር ወንድማማች ነው፤ በጣልያንኛም ሆነ በሌላ የአውሮፓ ቋንቋ በኩል ወደ አማርኛ የገባው ቃል እዚህ ይጠቅማችኋል።

ካምቢዮ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። በስፓኒሽም የመኪናውን ካምቢዮ ይሉታል፣ ግን ገንዘብ ላይ ሲመጣ ምንዛሬም ነው፣ ዝርዝርም ነው። "ካሳ ዴ ካምቢዮ" ገንዘብ መመንዘሪያ ቤት ነው። ፋክቱር ብለን የምናውቀው "ፋክቱራ" ነው። ሳንቲም "ሴንቲሞ"፣ ቼክ "ቼኬ"፣ ኮሚሽን "ኮሚሲዮን"። ቦርሳ "ቦልሳ" ይሆናል። ዜና ላይ "ላ ቦልሳ ወደቀች" ከተባለ ግን የሰው ቦርሳ አልወደቀም፣ የአክሲዮን ገበያው ነው። ባንክ "ባንኮ" ነው፤ መናፈሻ ውስጥ ያለውም አግዳሚ ወንበር ባንኮ ነው።

ኩንታልም አለ፣ "ኪንታል"። ግን ቀስ በሉ። እኛ ኩንታል ስንል 100 ኪሎ ነው፣ የቢቸና ጤፍም ይሁን የቡሬ በቆሎ። የድሮው የስፔን ኪንታል ወደ 46 ኪሎ ነው፤ የመካከለኛው አሜሪካ የቡና ነጋዴም እስከ ዛሬ በዚያ ነው የሚቆጥረው። ስለ ቡና ዋጋ ስታነቡ ይህን ካላወቃችሁ ዋጋው ግማሽ የሆነ ይመስላችኋል።

አሁን ወደምወዳቸው ሁለት ቃላት። "ፕላታ" ብር ነው፣ ጌጥ የሚሠራበት ብረቱ። በአብዛኛው ደቡብ አሜሪካ ግን ገንዘብን ራሱን ፕላታ ይሉታል። "ኖ ቴንጎ ፕላታ"፣ ብር የለኝም። ከማርትሬዛ ዘመን ጀምሮ ብረቱንም ገንዘቡንም ብር ስንል ለኖርነው ምን ማስረዳት ያስፈልጋል? ሁለተኛው "ኩዌንታ" ነው። ካፌ ውስጥ "ሒሳብ!" ስትሉ የሚመጣው ኩዌንታ ነው፣ ባንክ የከፈታችሁትም ሒሳብ ኩዌንታ ነው፣ ልጁ የሚደምረውም ሒሳብ ኩዌንታ ይባላል። በእንግሊዝኛ ብትዞሩ ሦስት የተለያየ ቃል ይሰጣችሁና ትደናገራላችሁ። በአማርኛ አንድ ለአንድ ነው።

3. ደብተሩ

ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ "ኢንግሬሶስ" ብላችሁ ጻፉ፣ ገቢ ነው። በቀኝ "ጋስቶስ"፣ ወጪ። ደብረ ማርቆስ የሚኖር፣ ደሞዝ ያለውና ገጠር ትንሽ መሬት ያለው ሰው ገጽ ይህን ይመስላል እንበል፦

ኢንግሬሶስ
ሱዌልዶ (ደሞዝ) 9,000
ቤንታ ዴ ማይስ (የበቆሎ ሽያጭ) 4,000
ሬሜሳ ዴ ሚ ኤርማና (እህቴ የላከችው) 6,000

ጋስቶስ
አልኪሌር (የቤት ኪራይ) 3,500
ሉስ (መብራት) 300
አጉዋ (ውኃ) 150
ኮሚዳ (ምግብ) 6,000
ትራንስፖርቴ (ባጃጅ፣ ታክሲ) 900
ቴሌፎኖ (የስልክ ካርድ) 400
ዴውዳ ኮን ላ ቲዬንዳ (የሱቅ ዱቤ) 1,200

ሉስ ቃሉ ብርሃን ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲከፍሉ ስፔኖችም "ሉስ ከፈልኩ" ይላሉ፣ እኛ "መብራት ከፈልኩ" እንደምንለው። እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥማችሁ ከጎኑ ኮከብ አድርጉበት።

ከታች ደምሩና ቀሪውን ጻፉ። ገቢው 19,000፣ ወጪው 12,450። "ሜ ኬዳን 6,550"፣ ማለትም 6,550 ቀረኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። "ሜ ኬዳ" ቀረኝ ነው። "ሜ ፋልታ" ጎደለኝ ነው። "ሜ ሶብራ" ተረፈኝ። አወቃቀሩን አያችሁት? የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቀሪው ገንዘብ ነው፣ እኔ ጥገኛ ነኝ፤ ልክ እንደ አማርኛው። ፈረንጅ ተማሪ እዚህ ጋ ለወራት ይቸገራል፣ "እኔ ጎደልኩ" እያለ። እናንተ አማርኛችሁን ይዛችሁ ግቡ።

ማታ ማታ ገጹን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ ያለፈ ቃል ገበያ ላይ አይመጣም። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ ሄዶ የሚማረው በአፉ ነው፤ እናንተም ለሉስና ለአልኪሌር ያንኑ ያህል አፋችሁን አትንፈጉ።

አንድ ምክር፦ ዕቃውን ሁሉ በስፓኒሽ ለመጻፍ አትሞክሩ። በርበሬ መቶ ዓይነት ስም ሊኖረው ይችላል፤ "በርበሬ" ብላችሁ እለፉት። እዚህ የምትፈልጉት የገንዘቡን ቃል ነው።

4. ግሶቹ

ስም ብቻ ይዞ ገንዘብ ማውራት አይቻልም። ስምንት ግስ ይበቃችኋል፤ ሁሉንም ግን በ"እኔ" እና በ"ከፈልኩ" ዓይነት ባለፈው ጊዜ ያዙ።

"ፓጋር" መክፈል፣ "ጋስታር" ማውጣት፣ "አኦራር" መቆጠብ። እነዚህ ችግር የላቸውም። "ጋናር" ማግኘት ነው፣ ገንዘብ መሥራት። ማሸነፍም ጋናር ነው፣ ስለዚህ "ጋኖ" ያለውን ሰው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ቢሮ ብላችሁ ልዩት።

"ኮብራር" ግን ጊዜ ይፈልጋል። ገንዘብ ወደ እኔ ሲመጣ ነው። ደሞዝ መቀበል ኮብራር ነው፤ "ያ አስ ኮብራዶ?" ማለት ደሞዝ ወጣልህ? ነው። ባለሱቅ ሲያስከፍል ኮብራር ነው። ዕዳ መሰብሰብም ኮብራር። ስፔን ካፌ ውስጥ ሒሳብ ለመክፈል ስትፈልጉ "ሜ ኮብራ?" ትላላችሁ፣ ሒሳብ ይቀበሉኛል? ማለት ነው። "ኪዬሮ ፓጋር" (መክፈል እፈልጋለሁ) ብትሉም ይገባቸዋል፣ ግን ያኛው ነው የአገሬው አነጋገር።

"ዴቤር" የእኛ "አለብኝ" ነው። "ቴ ዴቦ ሲዬን"፣ የአንተ መቶ አለብኝ። "ዴቦ ፓጋር"፣ መክፈል አለብኝ። ዕዳውም ግዴታውም በአንድ ቃል። አሁንም በእንግሊዝኛ ብትዞሩ ሁለት ቃል ነው፣ በአማርኛ አንድ።

"ፕሬስታር" ላይ ግን አማርኛ የበለጠ ዝርዝር ነው። እኛ ብር እናበድራለን፣ ምጣድ እናውሳለን። ስፓኒሽ ሁለቱንም ፕሬስታር ይላል። ተበዳሪው ደግሞ የራሱ ግስ የለውም፤ "ፔዲር ፕሬስታዶ" ይባላል፣ በብድር መጠየቅ። ስምንተኛው "ፊያር" ነው፣ ወደ ዱቤ ስንደርስ እመጣበታለሁ።

5. ቁጥር

ብዙ ሰው እዚህ ይሰንፋል፣ ከአንድ እስከ አሥር ቆጥሮ ያቆማል። ገንዘብ ግን በመቶና በሺህ ነው የሚጠራው።

ስልሳ "ሴሴንታ"፣ ሰባ "ሴቴንታ"። ልዩነታቸው አንዲት ድምፅ ናት። ከተጠራጠራችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ወይም ስልክ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ፤ ነውር የለውም። መቶ ብቻውን "ሲዬን" ነው፣ ከላዩ ሲጨመርበት "ሲዬንቶ" ይሆናል። ሁለት መቶ "ዶስሲዬንቶስ"። አምስት መቶ ግን ከመሥመር ይወጣል፣ "ኪኒዬንቶስ"። ሰባት መቶ "ሴቴሲዬንቶስ"፣ ዘጠኝ መቶ "ኖቤሲዬንቶስ"። ሺህ "ሚል" ነው፣ "አንድ ሺህ" ለማለት አንድ አያስፈልገውም።

"ና" የምትገባው በአሥርና በአንድ መካከል ብቻ ነው። 235 "ዶስሲዬንቶስ ትሬይንታ ኢ ሲንኮ"። "ኢ" የምትለዋ "ና" ናት። ከመቶው ቀጥላችሁ አታስገቧት፤ ይህ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ሰው የሚታወቅበት ምልክት ነው።

ከዚህ በላይ የሚጎዳው ነጥብና ሰረዝ ነው። እኛ 1,500 ብለን የምንጽፈውን ስፔንና አብዛኛው ደቡብ አሜሪካ 1.500 ብሎ ይጽፈዋል። አንድ ከአምስት አይደለም፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። ሳንቲሙን ነው በሰረዝ የሚለዩት፦ 3,50 ሦስት ዩሮ ከሃምሳ ነው። ሜክሲኮ ግን እንደኛ ነው የምትጽፈው። ስለዚህ ደረሰኝ ስታነቡ መጀመሪያ የየት አገር እንደሆነ እዩ።

ቢሊዮንም ወጥመድ አለው። በስፓኒሽ "ቢዮን" ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። የእኛን ቢሊዮን "ሚል ሚዮኔስ" ይሉታል፣ ሺህ ሚሊዮን። ኪሳችን እዚያ ባይደርስም ዜና ስታነቡ ያስፈልጋችኋል።

ልምምዱ ነፃ ነው። በገበያ ቀን ወጡና ዋጋ ሲጠራ በሰማችሁ ቁጥር በሆዳችሁ ወደ ስፓኒሽ ለውጡት። ሽንኩርት በኪሎ፣ ዶሮ፣ ቅቤ። ሻጯ ሁለተኛውን ዋጋ ከመጥራቷ በፊት መጀመሪያውን ከጨረሳችሁ ደህና ናችሁ።

6. ደሞዝ፣ የቀን ሥራ፣ የተላከ

ደሞዝ በተለምዶ "ሱዌልዶ" ነው፣ "ሳላሪዮ" ትንሽ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ስፔን ውስጥ "ኖሚና" ከሰማችሁ የደሞዝ ወረቀቱ ነው፣ ግን ሰው "ኖሚናዬ ገባ" ሲል ደሞዙን ማለቱ ነው። የቀን ሠራተኛ "ኾርናሌሮ"፣ የሚያገኘው "ኾርናል"። ለአጨዳ ወደ ሌላ አገር የሚወርደው "ቴምፖሬሮ" ይባላል፤ ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሑመራ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ቃሉ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ጡረታ "ፔንሲዮን"፣ ለተማሪ የሚሰጥ የትምህርት ድጎማ "ቤካ"፣ የአስተናጋጅ ጉርሻ "ፕሮፒና"።

"ብሩቶ" እና "ኔቶ" አትለፏቸው። ብሩቶ ግብር ያልተቆረጠለት፣ ኔቶ እጅ ላይ የሚደርሰው የተጣራው። ስፔን ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ደሞዙን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ በዓመትና በብሩቶ ነው። ሌላም አለ። ብዙ የስፔን ሠራተኛ በዓመት 14 ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ በየወሩ አንድ፣ በበጋቸውና በገናቸው ደግሞ አንድ አንድ "ፓጋ ኤክስትራ"። ስለዚህ ማስታወቂያው 21.000 ዩሮ "ኤን 14 ፓጋስ" ካለ፣ ለ12 ሳይሆን ለ14 አካፍሉ፤ 1,500 ይወጣል፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። እነሱ በ12 ወር 14 ደሞዝ፣ እኛ በ13 ወር 12። ጳጉሜን ማን እንደረሳት እንጃ።

በወር ሺህ ዩሮ አካባቢ የሚያገኝ ሰው መጠሪያም አለው፣ "ሚሌውሪስታ"። ወሩን ለመጨረስ ሲቸገሩ "ኖ ዬጎ አ ፊን ዴ ሜስ" ይላሉ፣ ወር መጨረሻ አልደርስም። ሜክሲኮ ደግሞ ብዙ ሰው በየ15 ቀኑ ይከፈለዋል፣ "ላ ኪንሴና"። በታኅሣሣቸው የሚሰጠው "አጊናልዶ" ነው፤ በሕጋቸው ቢያንስ የ15 ቀን ደሞዝ ነው። አርጀንቲና ውስጥ አጊናልዶ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጣል።

ግብር "ኢምፑዌስቶ" ነው። የእኛ ቫት "ኢባ" ይባላል፤ እኛ ጋ 15 በመቶ፣ ስፔን መደበኛው 21። ግብር ሰብሳቢውን ስፔኖች "አሲዬንዳ" ይሉታል። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ያው ቃል ሰፊ እርሻም ነው፣ ስለዚህ ታሪክ ስታነቡ አትሳቱ።

ለተላከ ገንዘብ "ሬሜሳ" ይበቃል። ከብድሩና ከግብሩ ይልቅ ቤተሰብ ጋር የሚያስፈልገው ግን አጭር ንግግር ነው። "ቴ ኤ ማንዳዶ ዶስሲዬንቶስ ኤውሮስ"፣ ሁለት መቶ ዩሮ ልኬልሃለሁ። "ቴ ኣ ዬጋዶ?"፣ ደረሰህ? "ሲ፣ ያ ሜ ኣ ዬጋዶ"፣ አዎ ደርሶኛል። ምንዛሬው "ቲፖ ዴ ካምቢዮ" ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ቃል በየስልኩ ይነሣል። በስልክ ገንዘብ መላክ ስፔን ውስጥ "ቢሱም" ነው፣ እኛ "በቴሌብር ላክልኝ" የምንለውን እነሱ "አስሜ ኡን ቢሱም" ይላሉ።

አንድ የባህል ነገር። እኛ ጋ "ደሞዝህ ስንት ነው?" ዘመድ ሁሉ ይጠይቃል። ስፔን ውስጥ "ኩዋንቶ ጋናስ?" ብሎ አዲስ ሰው መጠየቅ ያስቀይማል። ቃሉን እወቁት፣ አታውጡት።

7. ዱቤ፣ ዋስ፣ ዕቁብ

ፊያር በዱቤ መስጠት ነው፣ "ፊያዶ" ዱቤው። በስፓኒሽ አገሮች ሱቅ ውስጥ የሚለጠፍ የቆየ ጽሑፍ አለ፦ "ኦይ ኖ ሴ ፊያ፣ ማኛና ሲ"። ዛሬ ዱቤ የለም፣ ነገ አለ። ነገ ስትመጡም ጽሑፉ እዚያው ነው። የሰፈራችሁን ባለሱቅ አስታወሳችሁ መሰለኝ።

ከዚያው ቃል "ፊያዶር" ይወጣል፣ ዋስ ነው። ወለድ "ኢንቴሬስ"፣ አራጣ "ኡሱራ"፣ አራጣ አበዳሪው "ኡሱሬሮ"። ኪስ ባዶ ሲሆን ስፔኖች "ኤስቶይ ሲን ብላንካ" ይላሉ። ብላንካ ነጭ ማለት ነው፣ የድሮ ሳንቲም ስም ነበረች። ለእነሱ ነጯ ስትጠፋ ነው ድህነቱ፣ እኛ ደግሞ ስንነጣ።

ዕቁብ በስፓኒሽ የለም የሚላችሁን አትመኑ። አለ፣ ያውም በየአገሩ ስሙ እየተለዋወጠ። ሜክሲኮ "ታንዳ"፣ ቦሊቪያ "ፓሳናኩ"፣ ጓቴማላ "ኩቹባል"፣ ፔሩ "ኹንታ"፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ "ሳን"። አሠራሩ የምናውቀው ነው፤ በየጊዜው ይዋጣል፣ በተራ ይወሰዳል። ለሜክሲኮ ሰው ዕቁብን ለማስረዳት "ኤስ ኮሞ ኡና ታንዳ"፣ እንደ ታንዳ ነው፣ ማለት ይበቃል። ስፔን ውስጥ ግን ሥራዬ ብላችሁ አስረዱ፤ ታንዳ ብትሏቸው ላይገባቸው ይችላል።

ዕጣ ሲወጣ "ሜ ቶካ" ነው፣ ደረሰኝ። "ኬ ኑሜሮ ቴ ቶካ?"፣ ስንተኛው ደረሰህ? ሎተሪም በዚሁ ነው፤ በዲሴምበር 22 በሚወጣው የገና ሎተሪያቸው ትልቁ ዕጣ "ኤል ጎርዶ" ይባላል፣ ወፍራሙ። "ሜ ቶኮ ኤል ጎርዶ" የሚል ሰው ካገኛችሁ ፕሬስታር የሚለውን ግስ አውጡ።

8. ከየት አገር ነህ?

እንግዳው አፉን እንደከፈተ የየት አገር ሰው እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። ስፔን ዩሮ ነው፣ አጠራሩ ግን "ኤውሮ"። ሜክሲኮ፣ አርጀንቲና፣ ኮሎምቢያ፣ ቺሊ፣ ኩባ፣ ሁሉም ፔሶ ይላሉ፣ ግን ፔሶዎቹ የተለያዩ ናቸው። ፔሩ "ሶል"፣ ጓቴማላ "ኬትሳል"። ኢኳዶር ከ2000፣ ኤል ሳልቫዶር ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካ ዶላር ነው የሚገበያዩት። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ፔሶ የሚጻፈው በዶላር ምልክት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሻይ ከጎኑ የዶላር ምልክትና 30 ቢታይ 30 ዶላር አይደለም፣ አትደንግጡ።

ገንዘብን በሰፈር ቋንቋ ስፔን "ፓስታ"፣ ሜክሲኮ "ላና" ይሉታል፣ እኛ ጨላ እንደምንለው። መልስ ስፔን ውስጥ "ላ ቡዌልታ"፣ ላቲን አሜሪካ "ኤል ቡዌልቶ"። ዝርዝር ስፔን "ሱዌልቶ"፣ ኩባ "ሜኑዶ"፣ ፔሩና ቺሊ "ሴንሲዮ"። "ሬንታ" ሜክሲኮ የቤት ኪራይ ነው፣ ስፔን ግን "ላ ሬንታ" ካሉ ስለ ዓመታዊ የገቢ ግብር ነው የሚያወሩት።

ጣና ላይ ለሚሠራ ሰው ይህን ንግግር ላምጣ፦

"ኩዋንቶ ኩዌስታ ላ ባርካ?" (ጀልባዋ ስንት ናት?)
"ትሬስ ሚል ቢር፣ ኢዳ ኢ ቡዌልታ።" (ሦስት ሺህ ብር፣ ደርሶ መልስ።)
"ኡይ፣ ኤስ ካሮ። ሜ አሴ ኡን ዴስኩዌንቶ?" (ኧረ ውድ ነው። ይቀንሱልኛል?)
"ዶስ ሚል ኦቾሲዬንቶስ፣ ኡልቲሞ ፕሬሲዮ።" (ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፣ የመጨረሻ ዋጋ።)
"ሴ ፑዌዴ ፓጋር ኮን ታርኼታ?" (በካርድ መክፈል ይቻላል?)
"ኖ፣ ሶሎ ኤን ኤፌክቲቦ።" (አይ፣ በካሽ ብቻ።)
"ኬዴሴ ኮን ላ ቡዌልታ።" (መልሱን ለእርስዎ ያድርጉት።)

የመጨረሻዋን ሲሏችሁ "ሙቻስ ግራሲያስ" በሉና ወደ ኪስ።

"ሜ አሴ" እና "ኬዴሴ" በእርስዎ ነው የተባሉት። "ኡስቴድ" እርስዎ ነው፣ "ቱ" አንተ ወይም አንቺ። አንቱ እየተባለ ባደገበት አገር ይህ አይከብድም። ግሱም ለኡስቴድ የ"እሱ"ን መልክ ይይዛል፤ አማርኛውም "እርስዎ ይከፍላሉ" ሲል ከ"እነሱ" እንደሚዋሰው ነው። ገንዘብ ስትቀበሉ በኡስቴድ ጀምሩ፣ እንግዳው ቱ ካላችሁ ያኔ ትለቃላችሁ።

9. እንዳይጠፋ

በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ገልጣችሁ በቃል አምስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ ምን አገኘሁ፣ ምን አወጣሁ፣ የማን ዕዳ አለብኝ፣ ማን ላይ አለኝ፣ ስንት ቀረኝ። ጓደኛ ካለ ይጠይቃችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልክ ላይ ቅዱና በሚቀጥለው ወር አድምጡት።

ኔት ሲኖር የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ። ከመማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ነው፣ ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ እየተደጋገሙ ይመጣሉ። "ኾርናዳ ኮምፕሌታ" ሙሉ ቀን፣ "ሜዲያ ኾርናዳ" ግማሽ ቀን፣ "ሱዌልዶ ብሩቶ አኑዋል" ዓመታዊ ያልተጣራ ደሞዝ። የሱፐርማርኬት የዋጋ ወረቀትም ጥሩ ነው፤ "ኦፌርታ" ልዩ ዋጋ፣ "ሬባኻስ" የቅናሽ ሽያጭ፣ "ግራቲስ" ነፃ ማለት ነው።

በደርግ ጊዜ ኩባ ተልከው የተማሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ አንዱ አካባቢያችሁ ካለ ሻይ ጋብዙትና "ኩዋንቶ ኤስ?" በሉት። ሒሳቡን ግን እናንተ ክፈሉ።